ለትከሻ የተቀረጹ ቅዱሳን

ይሁዳ ከንፈሩን ወደ ጌታ ጉንጭ አስጠግቷል። ጌታ አይሸሽም፤ ፊቱ ረግቷል፤ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ፊት ነው። ከጎናቸው ጴጥሮስ ሰይፉን አንሥቷል፤ የሊቀ ካህናቱ አገልጋይ ማልኮስ መሬት ላይ ወድቋል፤ አንድ ወታደርም አብሮ አለ። ታሪኩን በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ሲነበብ ሰምተነዋል። በንባብ ግን ነገሩ በተራ ይመጣል፤ መሳሙ ይቀድማል፣ ሰይፉ ይከተላል። እዚህ ሁለቱም በአንድ እስትንፋስ ይደርሳሉ፤ ዐይን የቱን አስቀድሞ እንደሚያይ ይቸግረዋል።

አምስቱም በሰው ቁመት ልክ ከእንጨት የተቀረጹ ናቸው። በ1763 የተሠራው ይህ ሥራ የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ የሴጉራ ወንዝ በሚያቋርጣት በሙርሲያ ከተማ፣ በሳልዚዮ ሙዚየም ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፔን ግዙፍ ሙዚየሞች ያሏት አገር ናት። ማድሪድ ወርዶ ፕራዶ የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢዞር አይጨርሰውም። የሳልዚዮ ሙዚየም ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይቻኮሉ፣ የወደዱትን ሁለት ጊዜ እያዩ የሚጨርሱት ቤት ነው። የአንድ ሰው፣ የቀራጺው የፍራንሲስኮ ሳልዚዮ፣ ሙዚየም ነውና። በ1941 በመንግሥት ድንጋጌ ተቋቁሞ በ1960 ለሕዝብ ተከፈተ። ልቡ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ክብ መሰል ሕንፃ ነው። ጣሪያውን በ1792 ፓኦሎ ሲስቶሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ የሌሉ ዓምዶችንና ቅስቶችን ያሉ አስመስሎ ሥሎበታል። በዙሪያው ትንንሽ ጸሎት ቤቶች አሉ፤ በየጸሎት ቤቱ አንድ አንድ ፓሶ ቆሟል። ፓሶ በወፍራም አግዳሚ እንጨቶች ላይ ተደላድሎ በሰው ትከሻ የሚወጣ ሐውልት ወይም የሐውልቶች ስብስብ ነው።

ጎብኚ ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል። ቀራጺው እነዚህን ሐውልቶች ሲሠራ ያሰበው ትከሻን ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚህ ቆመው የሚጠብቁት አንድ ጠዋት አለ፤ በዑደት ወደ ከተማዋ የሚወጡበት የዓርብ ስቅለት ጠዋት። ይህን ሳይዝ የገባ ሰው ያያቸዋል እንጂ አያገኛቸውም።

እንደኔ በኦርቶዶክስ ሥርዓት ያደገ ሰው በሩ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕልን አክብራ ስትይዝ ሐውልትን ወደ መቅደሷ አላስገባችም። ስለ ተቀረጸ ምስል የተሰጠው ትእዛዝ ከልጅነት ጀምሮ በጆሯችን አለ። እርግጥ ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ በሰው ቁመት ተፈልፍለው የተሠሩ የቅዱሳን ምስሎች አሉ፤ ነገር ግን ከዐለቱ አልተነጠሉም፣ ጀርባ የላቸውም። የሙርሲያዎቹ ጀርባ አላቸው። የሚዞሯቸው፣ ከኋላቸው ቆመው የሚያዩአቸው ናቸው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ሰውነቴን ከብዶት ነበር።

ያረጋጋኝ ኩርዓተ ርእሱን ማስታወሴ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋውን የጌታን ፊት የሚያሳየው ያ ሥዕል የአውሮፓ ሠዓሊ እጅ ሥራ ነበር። ነገሥታቶቻችን በዘመቻ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ወሰደው። እንግዲህ በአውሮፓ የተሣለ የመከራ ፊት ይዞ መንገድ መውጣትን እኛም እናውቀዋለን ማለት ነው። ሙርሲያ ላይ ሥዕሉ ሥጋና ጀርባ አበጀ እንጂ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አልሆነብኝም።

ይህ ጥበብ ከየት መጣ? በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አውሮፓ የተሐድሶ ሰዎች ሐውልቶችን ከየቤተ ክርስቲያኑ እያወጡ ሲሰባብሩ፣ የሮማ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ መልሷን ሰጠች። በታኅሣሥ 1563 ጉባኤው ምስሎች ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ወሰነ፤ ክብሩም ምስሉ ለሚወክለው እንጂ ለእንጨቱ እንዳልሆነ ደነገገ። ይሁዳ ሲስም የሚታይበት ፓሶ ከዚያ ውሳኔ ልክ በ200ኛው ዓመት የተሠራ ነው። በእነዚህ ሁለት መቶ ዓመታት ስፔን እንደ ጣሊያን በእብነ በረድ ላይ አላተኮረችም። እንጨትን መረጠች። እንጨት ይቀላል፣ ቀለም ይቀበላል፣ ሰው ይመስላል። በሰሜን፣ ቫያዶሊድ ውስጥ ግሪጎሪዮ ፈርናንዴዝ የመስታወት ዐይን ያላቸውን፣ ቁስላቸው የሚያስደነግጥ የክርስቶስ ሐውልቶችን ቀረጸ፤ በሴቪያ ማርቲኔዝ ሞንታኜስ ረጋ ያለውን መንገድ ያዘ። ፍራንሲስኮ ሳልዚዮ የዚህ ሐረግ የመጨረሻው ታላቅ ሰው ነው፤ ከሁሉም በኋላ መጣ፣ ከሁሉም ይልቅ ለስላሳ ሆነ።

በ1707 ሙርሲያ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ኒኮላስ ከኔፕልስ አቅራቢያ የመጣ ቀራጺ፣ እናቱ ኢዛቤል አልካራዝ የከተማዋ ልጅ ነበሩ። ወጣቱ መነኩሴ ሊሆን ወደ ዶሚኒካን ገዳም ገብቶ ነበር። በ1727 አባቱ ሲሞት ግን ገዳሙን ትቶ ተመለሰ፤ የሚያሳድጋቸው ታናናሾች፣ ያልተጨረሱ ሥራዎችና ባለቤት የሚፈልግ ወርክሾፕ ይጠብቁት ነበር። ከዚያ በኋላ ከሙርሲያ ርቆ አልኖረም። ወርክሾፑም የቤተሰብ ነበር፤ ወንድሙ ሆሴ አንቶኒዮ ከእርሱ ጋር ይቀርጽ፣ ካህኑ ወንድሙ ፓትሪሲዮና እኅቱ ኢኔስ ቀለም በመቀባት ያግዙት ነበር። በ1755 የከተማዋ ቀራጺ ተብሎ ተሾመ፤ በ1783 እዚያው አረፈ። ሙርሲያ ሰው ትቷት ሊሄድ የሚችል ትንሽ ከተማ ነበረች፤ እርሱ ግን ትቷት ያልሄደ ሰው ነው፤ ሥራውም ይህን ይመስላል። ፊቶቹ ከመጽሐፍ የተቀዱ ሳይሆኑ በየቀኑ በገበያ ያገኛቸው የነበሩ ሰዎች ፊት ናቸው።

ሙዚየሙ የሳልዚዮን የሸክላ ንድፎችም ያሳያል። መዳፍ ላይ የሚቀመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ ቀራጺው በጣቱ የተጫነበት ቦታ ይለያል። እንጨቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ትልቅ ሐውልት ከአንድ ግንድ አይወጣም፤ ድፍን ግንድ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ስለዚህ በደንብ የደረቁ ጣውላዎች በሙጫ ይጣበቁና ይቀረጻሉ፤ ውስጣቸውም ይቦረቦራል። መቦርቦሩ ስንጥቅን ይከላከላል፣ ለተሸካሚውም ሸክም ያቀላል። የመስታወት ዐይን የሚገባበት ሐውልት ከሆነ የፊቱ ገጽ ከራስ ቅሉ ተከፍሎ ይወጣል፣ ዐይኖቹ ከውስጥ በኩል ይገጠማሉ፣ ፊቱ ተመልሶ ይጣበቃል። ያን ካወቅሁ በኋላ ወደ ሐውልቶቹ ስመለስ የጆሮአቸውን ሥር እየፈለግሁ መጋጠሚያውን ለማየት ሞከርሁ፤ አንድም ቦታ አላገኘሁትም።

እንጨቱ ሲያልቅ ሥራው ገና እኩሌታው ላይ ነው። መጋጠሚያዎቹ ላይ ስስ በፍታ ይለጠፋል፤ ከዚያ ጀሶ ከእንስሳት ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ተለውሶ ደጋግሞ ይቀባል፣ እየደረቀ ይለሰልሳል። የእኛ የጥንት ሠዓልያን ሥዕለ አድኅኖ ከመሣላቸው በፊት ሳንቃውን የሚያዘጋጁት በዚሁ በጀሶ ነበር፤ ሐውልትና ሥዕል ከሥራቸው አንድ መሬት አላቸው። ቆዳው በዘይት ቀለም ይሠራል። ቆዳ ያብለጭልጭ ወይስ ይደብዝዝ የሚለው በስፔን የተሟገቱበት ጉዳይ ነው፤ የቬላስኬዝ መምህርና አማት የነበረው ፍራንሲስኮ ፓቼኮ በ1649 በታተመው መጽሐፉ የደበዘዘው ከሥጋ ይበልጥ ይቀራረባል ብሎ ተከራክሯል። ልብሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በጀሶው ላይ ቀይ የሸክላ አፈር ይቀባል፤ በላዩ ከወረቀት የሳሳ ወርቅ ይለጠፋል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይወለወላል፤ ወርቁ ሙሉ በሙሉ በቀለም ይሸፈናል። ቀለሙ ሳይጠነክር በሹል እንጨት ይፋቃል። በተፋቀበት ሁሉ ወርቁ እንደ ክር ይወጣል።

በሳልዚዮ ዘመን ሙርሲያ የሐር ከተማ ነበረች። ገበሬው ለሐር ትል ቀለብ የሚሆነውን ዛፍ ይተክላል፣ ሴቶች ትሉን በቤት ያሳድጋሉ፣ ሸማኔዎች በማኅበር ተደራጅተው አበባ ያለበትን ጨርቅ ይሠራሉ። በብዙዎቹ የሳልዚዮ ቅዱሳን ልብስ ላይ ከወርቁ የሚፈነዳው አበባ ያ ጨርቅ ነው። አንዲት የሙርሲያ ሸማኔ ሚስት እነዚህን ቅዱሳን ስታይ የባሏን እጅ ሥራ ታውቀው ነበር ብዬ አስባለሁ።

በሙዚየሙ ካሉት ስምንት የሳልዚዮ ፓሶዎች የምመርጠው ብቻውን የሚራመደውን ቅዱስ ዮሐንስን ነው። በ1756 ተሠራ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ወጣት በአንድ እጁ የተንዘረፈፈ ልብሱን ሰብስቦ ይዟል፤ በሌላው ወደፊት ይጠቁማል። እመቤታችንን ልጇ ወደሚወሰድበት መንገድ እየመራት ነው። ለረዥም ጊዜ ያየሁት የተሰበሰበውን ጨርቅ ነው። ጣቶቹ በጨበጡት ቦታ እጥፋቶቹ ጠብበው ይገናኛሉ፤ ከዚያ በታች ተለቅቀው በሰፊው ይወርዳሉ፤ ጎንበስ ብሎ ከታች ላየ ሰው የእግሩ እርምጃ ከጨርቁ ውስጥ ይገፋል። ሰው ልብሱን እንዲህ የሚሰበስበው ሲቸኩል ነው። ፊቱ ላይ ብዙ ዕንባ የለም፤ ሐዘኑ ያለው በዚህ ጨርቅ ላይ ነው። ሐዘንተኛን አስከትሎ የሚሄድ ሰው ለማልቀስ ጊዜ የለውም፤ ሳልዚዮ ያን ያወቀ ሰው ነበር።

የምትከተለው እመቤታችን በ1755 የተሠራች ናት። አሠራሯ ከእርሱ የተለየ ነው፤ የተቀረጹት የሚታዩት ክፍሎቿ፣ በተለይም ፊቷና እጆቿ ናቸው፤ ሰውነቷ የእውነት ልብስ የሚለብስ ማዕቀፍ ነው። እጆቿን ዘርግታ ዐይኖቿን ወደ ሰማይ አንሥታለች። በሙዚየሙ ውስጥ እርሷና ዮሐንስ በየራሳቸው ጸሎት ቤት ናቸው። በዑደቱ ግን እርሱ ከፊቷ ይወጣል፣ እርሷ ከኋላው። የጠቆመው ጣት ትርጉም የሚያገኘው ያኔ ነው።

ዑደቱን የሚያወጣው በ1600 የተመሠረተው የኢየሱስ ናዝራዊ ማኅበር ነው። ማለዳ ሲወጣ ሐምራዊ ቀሚስ የለበሱ ብዙ ሰዎች መንገዱን ይሞሉታል፤ መስቀል የተሸከሙ፣ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ንስሐ ገቢዎች አሉ፤ ቆዳቸው የላላ ከበሮዎች ያጉረመርማሉ፣ በመንኰራኩር የሚገፉ ረዣዥም መለከቶች ያቃስታሉ። ፓሶውን የሚሸከሙት ሰዎች ኤስታንቴ ይባላሉ። ስማቸው ከሚይዙት የሹካ ጫፍ በትር የመጣ ነው፤ ዑደቱ ሲቆም ፓሶው በዚያ በትር ላይ ያርፋል። አለቃቸው በበትሩ ፓሶውን መታ ሲያደርግ ሁሉም በአንድ ላይ ይነሣሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የኤስታንቴዎች ሆድ ነው። ቀሚሳቸውን ከወገባቸው በላይ ሰብስበው በመታጠቂያ ያስሩትና የተፈጠረውን ከረጢት ከረሜላ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ባቄላና ዳቦ ይሞሉበታል፤ በመንገድ ለቆመው ሕዝብ እያደሉ ይሄዳሉ። ለእኛ ስቅለት የስግደት ቀን ነው፤ ጉልበት እስኪዝል ይሰገዳል፣ ጠብታ ውኃ አይቀመስም። መከራውን እያሰቡ እንቁላል ማደል እንዴት ይሆናል ብዬ ነበር። በኋላ ላይ ሳስበው ግን ዝክርን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም።

ከፓሶዎቹ ሁሉ ፊት የሚወጣው የመጨረሻው እራት ነው፤ እርሱም በ1763 የተሠራ። ከዚያ በፊት ማኅበሩ ይይዝ የነበረው አባቱ ኒኮላስ የቀረጸውን ነበር፤ ልጅ የአባቱን ሥራ ተካ። 13 ሰዎች በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ነው፤ ከ20 በላይ ሰዎች ይሸከሙታል። ማዕዱ ላይ የሚቀመጠው ምግብ የእውነት ነው፤ ሥጋው፣ ዓሣው፣ ፍሬው ለዚያ ቀን ይዘጋጃል። ዑደቱ ሲያልቅ ተሸካሚዎቹ ይካፈሉታል።

ከእርሱ ቀጥሎ የጌቴሴማኒው ጸሎት ይመጣል፤ የ1754 ሥራ ነው። ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ተኝተዋል፤ የጴጥሮስ እጅ በእንቅልፉም ሰይፉን አልለቀቀም። ጌታ ዝሎ ሊወድቅ ሲል መልአክ ደግፎታል፤ በሌላ እጁ ከዘንባባው ዛፍ ላይ ያለውን ጽዋ ያሳየዋል። በመልአኩ ውበት የተነሣ በከተማዋ ሲወራ የኖረ አፈ ታሪክ አለ፤ ሳልዚዮ ቤት ያደረ አንድ መንገደኛ ንድፉን ሥሎ ትቶለት ጠፋ ይላሉ። አፈ ታሪኩን አልወደድሁትም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አይሠራውም ማለት፣ ሠላሳ ዓመት በመሮና በጀሶ የደከመን ሰው ድካም መንጠቅ ነው። የመልአኩን ክንድ ይመልከቱ። ከብዶታል። የሚደግፈው ሰው እውነተኛ ክብደት አለው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሸክም ያየ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ዓርብ ጠዋት ኤስታንቴዎቹን ቆሞ ያየ ሰው።

ጥምቀትን ያየ ሁሉ ይህን ዑደት ሲሰማ ታቦታቱ ትዝ ይሉታል፤ እኔም አልተለየሁም። ሁለቱም በበዓላቸው ከመቅደስ ወጥተው በሕዝብ መካከል ያልፋሉ፤ ሁለቱም በሰው ላይ ናቸው። ታቦቱ ግን ተሸፍኖ ይወጣል፤ ቅድስናው አለመታየቱ ላይ ነው፤ ሕዝቡ በልብሱና በጃንጥላው በኩል ያውቀዋል። የሙርሲያ ዑደት ሁሉን ገልጦ ይወጣል፤ ላቡን፣ ደሙን፣ የከዳተኛውን ከንፈር። አንዱ በመሸፈን ያቀርባል፣ ሌላው በመግለጥ። የእኛ ይበልጥብኛል፤ ያም ሆኖ የእነርሱ ምን እንደሚፈልግ ገብቶኛል። ሕማማቱ የትናንት ወሬ እንዳይሆን፣ ሰፈር ድረስ መጥቶ በሰው ትከሻ ቁመት ፊት ለፊት እንዲቆም ይፈልጋል።

ስለዚህ ሙዚየሙ ለጎብኚው የሚሰጠው አንድ ነገር ነው፣ መንገዱ የሚሰጠው ሌላ። በሙዚየሙ ጀርባውን ያያሉ፣ የወርቁን ክር ይከተላሉ፣ ከሸክላው ንድፍ እስከ ትልቁ ሐውልት ያለውን መንገድ በዐይን ይሄዳሉ። እርምጃው ግን እዚህ የለም። ሳልዚዮ ሐውልቱን የሠራው ተሸካሚዎች ሲራመዱ እንዲወዛወዝ አስቦ ነው፤ ቆሞ የሚታየው ዮሐንስ እግሩን ያነሣ ነው፣ የሚሄደው ዮሐንስ ግን ይሄዳል። ዝናብ ከመጣ ዑደቱ ይሰረዛል፤ ጀሶና ውኃ አይስማሙም። ለሐውልቶቹ ደኅንነት ሲባል ጨርሶ ባይወጡ ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። ሳይወጡ የሚጠበቁት እንጨቱና ቀለሙ ብቻ ናቸው።

ከፓሶዎቹ ራቅ ብሎ ሌላ ዓለም አለ፤ የልደቱ ትዕይንት። በ1776 ሄሱአልዶ ሪኬልሜ የተባለ ባላባት ያዘዘው ሥራ ነው፤ ሳልዚዮ ጀመረው፣ ደቀ መዝሙሩ ሮኬ ሎፔዝ ጨረሰው። 556 ትንንሽ ምስሎች አሉት። ጌታ በቤተልሔም ሳይሆን በሙርሲያ ገጠር ተወልዷል፤ እረኞቹና ገበሬዎቹ የአካባቢውን ሰው ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ፣ ያርዳሉ፣ ይጋግራሉ። የሄሮድስ ወታደሮችም አልቀሩም። ደስ ይላል፤ ልጆች ከዚያ አይነሡም። እኔ ግን ቶሎ ወደ ፓሶዎቹ ተመለስሁ።

ይህ ሁሉ ላይተርፍ ይችል ነበር። በ1936 የእርስ በእርስ ጦርነት ሲፈነዳ በስፔን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ከሳልዚዮ ሥራዎችም ብዙ ወደሙ። የኢየሱስ ማኅበር ፓሶዎች ተርፈዋል።

በዑደቱ ዘጠኝ ፓሶዎች ይወጣሉ፤ ስምንቱ የሳልዚዮ ናቸው። ዘጠነኛው ማኅበሩ ስሙን ያገኘበት ኢየሱስ ናዝራዊ ነው፤ መስቀሉን የተሸከመው። የተቀረጸው በ1600፣ በሁዋን ዴ ሪጉስቴዛ እጅ ነው፤ ሳልዚዮ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ። እርሱም ልብስ የሚለብስ ነው፤ ከስምንቱ ጋር ሲተያይ ቀላል ሥራ ነው፣ እጥፋት የለው፣ የወርቅ አበባ የለው። ሳልዚዮ ለዚህ ማኅበር ከ1752 እስከ 1778 ሲሠራ የቀደሙትን ሌሎች ምስሎች በራሱ ሥራ ተክቷል፤ ይህን ግን አልነካም። ጎብኚዎች የይሁዳን ከንፈርና የመልአኩን ክንድ ፎቶ ያነሣሉ። በስእለትና በጸሎት የሚመጣው የሙርሲያ ሰው ግን በመጀመሪያ የሚንበረከከው በዚህ በአሮጌው ፊት ነው።